ደጅ ጥናት፣ ሎቢና የቅዳሜዋ ክፍል

ሰላም አንባቢዎች። ባለፈው እትም ስለ ማኅበራት ጥቂት መስመር ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ቃል ላይ ተጣብቀዋል፤ ሎቢ። አራቱን መርጫለሁ፣ የጠያቂዎቹን ስም ግን አላወጣም። ስለ አሜሪካና ስለ ስዊድን ሳወራ ዓመቱ የፈረንጅ ነው፣ ስለ አገር ቤት ሲሆን የራሳችን። እንዳትደናገሩ።

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ሜሪላንድ ውስጥ የአንድ ትንሽ የኢትዮጵያውያን ማኅበር ገንዘብ ያዥ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለአዋቂዎች እንግሊዝኛ እናስተምራለን፣ ለዜግነት ፈተናም እናዘጋጃለን። ተማሪዎቻችን ታክሲ ነጂዎች፣ ሆቴል የሚያጸዱ፣ የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ መጥተው የቀሩ እናቶች ናቸው። አሁን ለእንዲህ ዓይነት ትምህርት የሚሰጠው የካውንቲ (የአካባቢ መስተዳድር) ገንዘብ ሊቀነስ ነው የሚል ወሬ አለ። ምክር ቤት ሄደን እንናገር ስል ሊቀመንበራችን ‹አርፈሽ ተቀመጪ፣ ፖለቲካ ውስጥ ከገባን ከግብር ነፃ የሆንበትን ፈቃድ ይነጥቁናል› አሉኝ። እውነት ነው?»

መልስ፦ እህቴ፣ ሊቀመንበራችሁ ሁለት ነገር ቀላቅለውብሻል።

አንደኛው ምርጫ ነው። ማኅበራችሁ 501(ሲ)(3)፣ ማለትም በአሜሪካ የግብር ሕግ ከግብር ነፃ የሆነ በጎ አድራጊ ድርጅት ከሆነ፣ ለሥልጣን የሚወዳደር ሰው መደገፍም መቃወምም አይችልም። ትንሽ ብቻ፣ ለአንድ ቀን ብቻ፣ በማኅበሩ ቴሌግራም ብቻ የሚባል ነገር የለም። ክልከላው ከ1954 ጀምሮ በግብር ሕጉ ውስጥ ተቀምጧል። እዚህ ላይ ልክ ናቸው። የምርጫ ሰሞን አንዱን ዕጩ ብቻ ጠርታችሁ፣ ክትፎ አቅርባችሁ፣ አጨብጭባችሁ ብትሸኙት ጣጣ ነው።

ሁለተኛው ሎቢ ነው። ሕግ አውጪውን «ይህን አጽድቅልን፣ ያንን ጣልልን፣ ይህን በጀት አትቁረጥብን» ማለት። በጀት በምክር ቤት ድምፅ ስለሚያልፍ እንደ ሕግ ይቆጠራል። ይህ የተገደበ እንጂ የተከለከለ አይደለም። ግራ የሚያጋባው ገደቡ ነው። የተለመደው ደንብ ሎቢ የሥራችሁ «ጉልህ ክፍል» መሆን የለበትም ይልና፣ ጉልህ ማለት ስንት እንደሆነ ሳይናገር ያልፋል። ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም።

ግን ከ1976 ጀምሮ ሌላ መንገድ አለ። 501(ኤች) ይባላል። ቅጽ 5768 የምትባል አጭር ወረቀት ሞልታችሁ ለአይ አር ኤስ፣ ለአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት፣ ትልካላችሁ። አንዴ ከላካችሁ እናንተው እስክትሰርዙት ይሠራል። ከዚያ በኋላ መለኪያው ገንዘብ ብቻ ይሆናል። ከዓመት ወጪያችሁ የመጀመሪያው 500,000 ዶላር ላይ 20 በመቶውን ለሎቢ ማውጣት ትችላላችሁ። ከዚያ በላይ መቶኛው እየቀነሰ ይሄዳል፣ ግን እዚያ ከደረሳችሁ እኔንም ቅጠሩኝ።

በቁጥር እንየው፣ ገንዘብ ያዥ ስለሆንሽ ደስ ይልሻል። የዓመት ወጪያችሁ 80,000 ዶላር ነው እንበል። 16,000 ዶላር ለሎቢ ይፈቀዳል ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ እስከ ሩቡ፣ ማለትም እስከ 4,000 ዶላር፣ ሰፊውን ሕዝብ «ለምክር ቤት አባላችሁ ደውሉ» ብላችሁ ለመቀስቀስ ልታወጡት ትችላላችሁ። ከሁሉ የሚጣፍጠው ግን ይኸ ነው፤ የበጎ ፈቃደኛ ጊዜ አይቆጠርም። አንቺ በራስሽ ጊዜ፣ በራስሽ መኪና፣ በራስሽ ቤንዚን ሄደሽ ብትናገሪ፣ ማኅበሩ ያወጣው ዜሮ ነው። እንደምታወሪው ከሆነ እናንተ ጋ ደመወዝተኛ ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ብትጮሁ እንኳ ገደቡ አጠገብ አትደርሱም።

ሦስት ጥንቃቄ ልጨምር። ክፍሉ የሚሰጠው በቤተ ክርስቲያን ስም ከሆነ 501(ኤች)ን መምረጥ አይቻልም፤ ያ «ጉልህ ክፍል» የሚለው አሮጌ ደንብ ነው የሚሠራው። በእኛ ማኅበረሰብ ብዙው ክፍል የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ስለሆነ ይኼን አጣሩ። አዳራሹን መዋስና በቤተ ክርስቲያኑ ስም መሥራት አንድ አይደሉም። ሌላው፣ ከፌዴራል መንግሥት የመጣ የድጋፍ ገንዘብ ካላችሁ ከእሱ አንዲት ሳንቲም ለሎቢ አትንኩ። ሦስተኛው፣ ያወጣችሁትን መዝግቡ። ለፎቶ ኮፒ የወጣች 12 ዶላር ብትሆንም።

ደግሞ ሁሉ ነገር ሎቢ አይደለም። የምክር ቤት አባሉን ቅዳሜ ጠዋት ጠርታችሁ፣ ቡና አፍልታችሁ፣ «እንዲህ ነው የምንሠራው» ብላችሁ ክፍሉን ብታሳዩትና ስለ የትኛውም ረቂቅ ድምፅ ባትጠይቁት፣ ያ ማስተዋወቅ ነው። የትምህርት ቦርድ ፊት ቀርቦ መናገርም በዚህ ሕግ ዓይን ሎቢ አይባልም፣ ቦርዱ ሕግ አውጪ ሳይሆን አስፈጻሚ ተደርጎ ነው የሚታየው። እኔ ይኼን ሳውቅ ገርሞኝ ነበር። ስንት ማኅበር ነው ያልተከለከለውን ፈርቶ የተቀመጠው!

አሁን ወደ ሥራው። ካውንቲሽን ስላልነገርሽኝ እዚያው ሜሪላንድ ያለውን ሞንትጎመሪን ልውሰድ። እዚያ የካውንቲው ሥራ አስፈጻሚ ረቂቅ በጀቱን እስከ ማርች 15 ለምክር ቤቱ ያቀርባል፣ በአፕሪል ሕዝቡ ይሰማል፣ ምክር ቤቱ በሜይ መጨረሻ ይወስናል፣ አዲሱ የበጀት ዓመት ጁላይ 1 ይጀምራል። የሌላውም ካውንቲ አካሄድ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ በጁን ሰልፍ ብትወጡ ለታሪክ ነው የሚሆነው። መነሳት በጃንዋሪ ነው። ለመናገር ቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል፣ የሚሰጠውም ሁለት ወይ ሦስት ደቂቃ ነው።

ስለ ሦስት ደቂቃ የራሴን ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት በአንድ ከተማ ምክር ቤት ፊት ሦስት ገጽ ይዤ ቀረብኩ። የመጀመሪያው ገጽ ምስጋናና ታሪካችን ነበር፤ የሦስት ሺህ ዘመን ሥልጣኔ ምናምን። ቀዩ መብራት ሲበራ ገና ንግሥተ ሳባ ጋ ነበርኩ። ጥያቄዬ ሦስተኛው ገጽ ላይ ቀረች። አንቺ ጥያቄሽን በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ተናገሪ፤ «ለአዋቂዎች የእንግሊዝኛ ትምህርት የተያዘው ገንዘብ እንዳይቀነስ እንጠይቃለን»። ከዚያ አንዲት ተማሪ ታውራ። በትርጉም፣ ወይም በዚያው በተማረችው እንግሊዝኛ። የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ማንበብ የቻለችበትን ቀን ትንገራቸው። ከአሥር ገጽ ጥናት ያ ይበልጣል።

ብቻችሁን ደግሞ አትሂዱ። ሞንትጎመሪ ውስጥ የአዋቂ እንግሊዝኛ አስተማሪዎችን የሚያሰባስብ ጥምረት አለ፤ የካውንቲውን ገንዘብ ለትንንሽ ክፍሎች ያከፋፍላል፣ በበጀት ሰሞንም ስለ ጉዳዩ ይናገራል። እናንተ አካባቢም ተመሳሳይ ካለ ግቡበት። የኤል ሳልቫዶሩ፣ የቬትናሙ፣ የእኛው ማኅበር አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ፣ የምክር ቤት አባሉ የሚቆጥረው የሰው ብዛት ሌላ ነው።

ይሠራል ወይ ካልሽኝ፣ ዋሽንግተን ዲሲን ተመልከቺ። በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ወረቀቶቻቸውን እንዲተረጉሙ ያዛል። መሥሪያ ቤቱ ከሚያገለግለው ሕዝብ 3 በመቶው ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ ያነሰው፣ ያንን ቋንቋ የሚናገር ከሆነ ግዴታ ነው። አማርኛ የገባው በዚህ ነው። ዛሬ ዲሲ ውስጥ የመንግሥት ቢሮ ገብተሽ በአማርኛ የተጻፈ ቅጽ ስታዪ፣ የስደተኛ ማኅበራት ተጣምረው፣ ስብሰባ ለስብሰባ ዞረው፣ ያስወጡት ነው። ማንም አዝኖልን አይደለም።

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ነው የምኖረው። የዕድራችን ጸሐፊ ነኝ። ይኼ ሎቢ የምትሉት ነገር ጉቦ በጨዋ ስም አይደለም እንዴ? ለምን እንደምጠይቅ ልንገርህ። የዕድሩ አዳራሽ ከለቅሶ ሰሞን ውጭ ባዶ ነው። ማታ ማታ ፊደል ላልቆጠሩ ጎልማሶች ትምህርት ብንጀምር ብለን ወረዳው አስተማሪ እንዲመድብ ፈለግን። አንዱ አባላችን ‹ሰው ካላወቅን አይሆንም፣ የምናውቀው ሰው እንፈልግ› አለ። ይኼ ነው ሎቢ?»

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ። አባላችሁ ያለው ደጅ ጥናት ነው፤ ያውም በአማላጅ።

ደጅ ጥናት ምን እንደነበር ከአያቶቻችን ሰምተናል። ሰውየው ከመኳንንቱ በር ላይ ይቆማል፣ ወር፣ ዓመት። ጌታው ሲወጣ እጅ ይነሳል። ቀን ሲወጣለት ሹመት ወይ መሬት ያገኛል፣ ለራሱ። ጎረቤቱ ያው በር ላይ እንደቆመ ይቀራል። የፈረንጁም ቃል አመጣጡ ይመሳሰላል፤ ሎቢ ማለት የምክር ቤቱ መተላለፊያ አዳራሽ ነው፣ ጉዳይ ያለው ሰው እዚያ ቆሞ እንደራሴዎቹን ይጠብቃል። ልዩነቱ ከቆሙ በኋላ በሚጠየቀው ላይ ነው። ደጅ ጠኚው «ለእኔ አድርግልኝ» ይላል። ሎቢ ሲሆን «ደንቡን ለሁላችን ቀይርልን» ነው፣ በግልጽ፣ ስምና ፊርማ ተይዞ። ጉቦ በግልጽ አይሰጥም፤ መለያው ይኼ ነው። በርግጥ ገንዘብ ያለው ጠያቂ ድምፁ እንደሚጎላ አልክድም። አሜሪካም በ1995 በሕግ ደመወዝተኛ ሎቢስቶች ለማን እንደሚሠሩና ምን ያህል እንደሚከፈላቸው እንዲያስመዘግቡ ያስገደደችው ወድዳ አይደለም።

አገር ቤት ጥሩ ምሳሌ አለን። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ ያደርግ ነበር። ለሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜም 15 ዓመት ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ይህን ለማስቀየር ተነሳ። አጠና፣ መድረክ አዘጋጀ፣ ሕግ አውጪዎቹን አነጋገረ፤ ጎን ለጎን ደግሞ የተቸገሩ ሴቶችን በነፃ ጥብቅና እየረዳ፣ መብታቸውን እያስተማረ። በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሲወጣ የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ፣ የባል አዛዥነትም ቀረ። ልብ በል፣ ማስተማሩና መጠየቁ አንድ ላይ ነበር። መብቷን ያወቀች ሴት ራሷ ነበረች ማስረጃው።

ከዚያ ክፉ ዘመን መጣ። አዋጅ 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር በሰብዓዊ መብት፣ በፆታ እኩልነት፣ በመሳሰሉት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። ያ ማኅበርም ብዙ ሠራተኞቹን ለመቀነስ ተገደደ። 10 በመቶ! አገር ውስጥ ለመብት ሥራ ገንዘብ የሚያዋጣ በሌለበት። አዋጅ 1113/2011 ይህን ሻረው፤ አንድ ድርጅት ከሚሠራው ሥራ ጋር የተያያዘ ሕግ ወይም ፖሊሲ እንዲለወጥ ሐሳብ ማቅረብ እንደሚችልም በግልጽ ጻፈ። የፖለቲካ ፓርቲዎችን ሎቢ ማድረግን ግን ሌላ ሕግ ካልፈቀደ በቀር ለውጭ ድርጅቶች ከለከለ።

ዕድርህን ይኼ ሁሉ አያስጨንቀው። ዕድርና ዕቁብ ከአዋጁ ውጭ ናቸው። አቤቱታ የማቅረብ መብት ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ላይ ለማንኛውም ሰው ተሰጥቷል። ስለዚህ የምታውቁትን ሰው ከመፈለግ በፊት እንዲህ አድርጉ። በዕድሩ ስብሰባ አስወስኑና ቃለ ጉባኤ ያዙ። መማር የሚፈልጉትን ሰዎች ዝርዝር አውጡ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ የሚመቻቸው ሰዓት፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ። ከዚያ «ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት» የሚለውን ስም ደብዳቤያችሁ ላይ ጻፉት፣ መንግሥት ራሱ ፕሮግራሙን የሚጠራበት ስም ስለሆነ ባለሥልጣኑ «እንዲህ ዓይነት ነገር የለንም» ማለት ይቸግረዋል። አዳራሽ አለን፣ ተማሪ አለን፣ አስተማሪ ስጡን በሉ። ገቢ የተደረገበትን ማህተም ሳትቀበሉ አትመለሱ። ጎረቤት ዕድሮች ካሉም አብራችሁ ፈርሙ። አንድ ዕድር ቢጠይቅ ነገ ና ይባላል፤ አምስት ዕድር ሲጠይቅ ነገሩ ሌላ ነው፣ የአምስት ዕድር አባል ብዛት ወረዳው አሳምሮ ያውቀዋል።

እናቴ ፊደል የቆጠረችው በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፣ ማታ፣ በፋኖስ። ዘመቻው በማግስቱ ዓመት ከዩኔስኮ ሽልማት አስገኝቷል። ግን ከላይ በትእዛዝ የመጣ ነበር፤ ያልተማረ ይቀጣ እንደነበር እሷው ነግራኛለች። ትእዛዙ ሲረግብ የሰፈሯ ክፍልም ተዘጋ። የእናንተ ከታች መነሳቱን እኔ እንደ ጉድለት አላየውም።

ጥያቄ፦ «ስቶክሆልም የምኖር ጡረተኛ ነኝ። እዚህ አገር ሦስት ሰው ሰብስበህ ቡና ከጠጣህ ‹የጥናት ክበብ› ተብሎ ገንዘብ ይሰጥሃል ሲሉ እሰማለሁ። የአማርኛ ንባብ ቡድናችን ሊጠቀምበት ይችላል? ደግሞስ መንግሥት ለምን ይከፍላል?»

መልስ፦ ጋሼ፣ ቡናው ብቻውን አይበቃም፣ ግን የሦስት ሰዉ ነገር እውነት ነው። መሪውን ጨምሮ ሦስት ተሳታፊ፣ የሚጠና ነገርና ዕቅድ ሊኖር ይገባል። ገንዘቡ በቀጥታ ለእናንተ አይሰጥም። መንግሥት ዕውቅና በሰጣቸው የጥናት ማኅበራት በኩል ነው የሚመጣው። ከነሱ አንዱ መሪያችሁን ያጸድቃል፣ ክፍልና መጻሕፍት ሊያግዛችሁ ይችላል፣ እናንተ የተገኙትን ሰዎች በየጊዜው ትመዘግባላችሁ። የስደተኛ ማኅበራት በዚህ መንገድ ብዙ ተጠቅመዋል። ከ2024 ጀምሮ ግን መንግሥት ድጎማውን ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ ስለሆነ፣ ማኅበራቱም እጃቸው አጥሯል። ቶሎ ጠይቁ።

ለምን ይከፍላል ላሉት፣ ታሪኩ ያምራል። በ1902 ኦስካር ኦልሰን የሚባል አስተማሪ ሉንድ ከተማ ውስጥ፣ መጠጥን በሚቃወም ንቅናቄ ጥላ ሥር፣ የመጀመሪያውን የጥናት ክበብ አቋቋመ። ምሁር ከፍሎ ማስመጣት የማይችሉ ሰዎች አንድ ዓይነት መጽሐፍ ያነባሉ፣ ክብ ሠርተው ይከራከራሉ፤ በቃ። በ1912 የሠራተኞች የትምህርት ማኅበር ተቋቋመ፣ በዚያው ዓመት መንግሥት ለክበቦቹ መጻሕፍት መደጎም ጀመረ። ሠራተኛው እዚያ ተቀምጦ ስብሰባ መምራት፣ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ በጀት ማንበብ ተማረ። ኦልሰን ራሱ በኋላ ምክር ቤት ገባ። ሴቶችም በ1921 ለመጀመሪያ ጊዜ መርጠዋል። ሥርዓቱ ክበቡን የሚደጉመው ያሳደገው ስለሆነ ነው፣ እንደ እኔ አመለካከት። የአማርኛ ንባባችሁን ጀምሩ እንግዲህ። ስለ ሠፈሩ ቤተ መጻሕፍት የአማርኛ መደርደሪያ ደብዳቤ ከጻፋችሁ ደግሞ ግልባጩን ላኩልኝ።

ጥያቄ፦ «ግሪን ካርድ ብቻ ነው ያለኝ። ኮንግረስ አባል ቢሮ ሄጄ ብናገር ችግር አለው?»

መልስ፦ ሄደህ ተናገር። አቤት የማለት መብት በሕገ መንግሥታቸው የመጀመሪያ ማሻሻያ የተሰጠው «ለሕዝቡ» ነው፣ ለመራጭ ብቻ አይልም። በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠት አትችልም፤ «ዜጋ ነህ?» ካሉህም እውነቱን ተናገር፣ በዚህ ቀልድ የለም። የምትኖርበትን አድራሻ ዚፕ ኮድ ንገራቸው፣ መጀመሪያ የሚጠይቁህ እሱን ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያነጋግርህ እንደራሴው ሳይሆን አንድ ወጣት ረዳት ይሆናል። አትናቀው፣ ማስታወሻ የሚጽፈው እሱ ነው።

አንድ ነገር ብቻ። በ1938 የወጣ ሕግ አለ፣ የውጭ መንግሥት ወኪሎች እንዲመዘገቡ የሚያስገድድ። ስለ ራስህ ሐሳብ ስትናገር አይነካህም። ነገር ግን ከኤምባሲ ወይም ከአንድ መንግሥት ሰው ተደውሎልህ «ሂድና ይህን በላቸው» ከተባልክ፣ ገንዘብ ባይከፈልህም፣ ቢሮው ከመሄድህ በፊት ጠበቃ ጋ ደውል።